ጓሳ ላይ በእግር ለምትሄዱ፦ ከሦስት ጉዞዬ ያገኘሁት

ጓሳን መጀመሪያ ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው። መሃል ሜዳ ከተማ ለቅሶ ልንደርስ እየሄድን ነበር። ጣርማበር ላይ ታጥፈን ብዙ ከተጓዝን በኋላ የገብስ ማሳው ድንገት አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሣር ነው። ጉብ ጉብ ብሎ የበቀለ፣ ጉልበት የሚደርስ፣ ንፋስ ሲመታው ባንድ ላይ የሚተኛ ሣር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ይሄ የኛ ነው» አሉኝ። «የመንግሥት ፓርክ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። «የኛ ነው አልኩህ እኮ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ያኔ ነገሩ ብዙም አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ በእግሬ ልሄድበት ተመልሻለሁ። ሰዎች ልሄድ ነው ብለው ሲያማክሩኝ የሚጠይቁኝ ስለ ጫማ፣ ስለ ብርድና ስለ ርቀት ነው። እሱንም እነግራችኋለሁ። ግን የእናቲቱን መልስ ካልያዛችሁ ሌላው ምክር ብዙ አይጠቅማችሁም። ጓሳ ላይ የምትረግጡት እያንዳንዱ መንገድ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ደግሞ ዙሪያውን ያለው የመንዝ ገበሬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። የመንዝ ጓሳ የማህበረሰብ ጥብቅ ስፍራ የሚገኘው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ተነስቶ ከ3,600 ሜትር በላይ ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ድንገት ይቆረጥና ገደል ይሆናል። ከገደሉ በታች ቆላው እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ከደጋው ጀርባ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ውሃ ዓባይ ይገባል፣ በምሥራቅ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ደን ብላችሁ ዋርካና ዝግባ ከጠበቃችሁ አታገኙም። ያለው የአስታ ቁጥቋጦ፣ ጅብራ፣ ረግረግ፣ ጦስኝና ማለቂያ የሌለው የጓሳ ሣር ነው። ቦታው ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ሣር ነው።

ይሄ ሣር ለመንዝ ሰው ቤት ነው። ጣሪያ ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ጓሳ የተከደነ ቤት ስንት ዓመት እንደሚቆይ የአካባቢው ሽማግሌዎች ሲነግሯችሁ ከቆርቆሮ ጋር እያወዳደሩ ነው፣ ቆርቆሮውም ብዙ ጊዜ አያሸንፍም። ስለዚህ ከ400 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ሕዝቡ ሣሩን በሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሥርዓቱ «ቄሮ» ይባል ነበር። አስቦና ጌራ የተባሉት ቀደምት አባቶች ዘሮች መሬቱን ለሁለት ተካፍለው፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አለቃ ይመርጡ ነበር። አለቃው ዘጋሁ ካለ ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም። ከብትም አይሰማራም። ሣሩ ደርሷል ሲባል በበጋ ይከፈታል፣ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል። ቤተ ክርስቲያንም ከጀርባው ነበረች፤ ሕጉን የጣሰ ሰው የሚፈራው አለቃውን ብቻ አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም መሬት ላራሹ ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ። የርስት ባለመብትነት ቀረ፣ አለቃው ሥልጣኑን አጣ። ሣሩ ያለ ጠባቂ ቀርቶ ብዙ ተጎዳ። በኋላ ግን የዙሪያው ቀበሌዎች ሰዎች ራሳቸው ኮሚቴ አቋቁመው እንደገና መጠበቅ ጀመሩ። ዛሬ ስካውት ሆኖ የሚያጅባችሁ ሰው የዚሁ ሕዝብ ልጅ ነው። ይሄን ሁሉ የምነግራችሁ ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። መንገዱ ላይ የምታደርጉት እያንዳንዱ ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል። እኔ የተማርኩት በአንድ እፍኝ ሣር ነው።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ነበርኩ። ድንኳን ስንተክል መሬቱ ጎረበጠኝ። አጠገቤ ከነበረው ጉብታ ሣሩን በእጄ ጨብጬ እየነጨሁ ከፍራሼ ሥር ማንጠፍ ጀመርኩ። ሣሩ በቀላሉ አይነጭም፣ መዳፍ ይቆርጣል። ሁለተኛውን እፍኝ ስይዝ ስካውታችን መጡ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ስለሆነ ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። አልተቆጡም። ቁጢጥ ብለው የነጨሁትን ሰበሰቡና በሁለት እጃቸው አስተካክለው ያዙት፣ ነዶ እንደሚያዝ። «ልጄ፣ ይሄን እናቴ አንዳንዴ አምስት ዓመት ጠብቃ ነበር የምታጭደው» አሉኝ። «እኔም ዛሬ ጠባቂ ሆኜ፣ ጊዜው ካልተፈቀደ አላጭድም።» ከዚያ ሣሩን ከድንኳኑ ራቅ አድርገው አስቀመጡት። ያን ሌሊት መሬቱ እየጎረበጠኝ ነው ያደርኩት። ከዚያ በኋላ ወፍራም የስፖንጅ ምንጣፍ ሳልይዝ ሄጄ አላውቅም።

ወደ መንገዱ እንግባ። ጓሳ ላይ ቀለም የተቀባ ምልክት፣ ቀስት ያለበት ሰሌዳ በየመቶ ሜትሩ አትጠብቁ። የእግር መንገዶቹን የሠሩት ሰዎችና ከብቶች ናቸው። ገበያ የሚሄድ፣ ዘመድ የሚጠይቅ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው የሚሄድባቸው ናቸው። አንዳንዱ ጥርት ያለ ነው። አንዳንዱ ግን ሣር ውስጥ ገብቶ ይጠፋና ከ200 ሜትር በኋላ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ መስመር ቢያሳያችሁም መስመሩ ረግረጉ የት እንዳለ አያውቅም። ስካውት መያዝ ግዴታ መሆኑን ሳልሰማ በፊት አላስፈላጊ ወጪ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግዴታ ባይሆን እንኳ ያለ ስካውት አልሄድም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ገደሉ አፋፍ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ነበር። እኔ እግሬ ፈጣን ነው፣ አዲስ አበባ እንጦጦን በሳምንት ሁለት ቀን እወጣለሁ። ጋሼን ከጓደኞቼ ጋር ወደ ኋላ ትቼ ቀደምኩ። ሰማዩ ጠራርቶ ነበር። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ከታች ከቆላው ጉም ተነሳ። ገደሉን እየላሰ ወጣ፣ አፋፉን ዘለለ፣ እና በሣሩ ላይ ወደ እኔ መጣ። የጫማዬን ጫፍ ነበር የማየው። የንፋሱ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። ገደሉ በግራዬ ይሁን በፊቴ እርግጠኛ አልነበርኩም። ቆምኩ። ከዚያ ቁጭ አልኩ። ያደረግሁት ትክክለኛ ነገር እሱ ብቻ ነው። ከሩቅ ፉጨት ሰማሁ፣ መልሼ አፏጨሁ። ጋሼ ከጉሙ ውስጥ ሲወጡ ዱላቸውን ፊት ፊት እያስቀደሙ ነበር። አፋፉ ከተቀመጥኩበት ምን ያህል እንደሚርቅ ጉሙ ሲገፈፍ አየሁ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

ስለዚህ ከስካውቱ ፊት አትቅደሙ። ጉም ከመጣ ባላችሁበት ቁሙ፣ ተጠራሩ፣ እስኪያልፍ ጠብቁ። ጉሙ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። የገደሉን አፋፍ ማየት ካሰባችሁ ጠዋት ሂዱ። እያንዳንዳችሁ ፊሽካ መያዝ ጥሩ ነው፤ የፕላስቲኩ ርካሽ ፊሽካ ይበቃል።

ያን ዕለት ያጠፋሁት ሌላም ነገር ነበር። የዚያኑ ቀን ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ እንደደረስን ሻንጣ አስቀምጠን ነው ወደ እግር ጉዞ የገባነው። አዲስ አበባ ራሷ ከፍ ያለች ከተማ ናት ብዬ ነበር የተማመንኩት። ግን ከ2,400 ሜትር ወደ 3,400 ሜትር ባንድ ቀን መውጣት ቀላል አይደለም። ማታ ራሴን ወቀረኝ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ። አንደኛው ጓደኛዬ አስመለሰው። ከፍታ ጀግና አይመርጥም፣ ሩጫ የለመደም ይጥለዋል። የሚሻለው የመጀመሪያውን ቀን ለእረፍት መተው ነው። ከቻላችሁ ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት እደሩ። እሷም ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናትና ሰውነት ይላመዳል። ውሃ አብዝታችሁ ጠጡ፣ የመጀመሪያው ማታ መጠጥ ይቅርባችሁ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ሰው ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ ነው፣ ነገ ይሻለዋል ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም።

ብርዱን በተመለከተ፣ ሰው ሲነገረው አያምንም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ታገኛላችሁ። የጠርሙስ ውሃዬ አፉ ላይ ረግቶ አግኝቼዋለሁ። የመንዝ ሰው በባና ተጠቅልሎ የሚሄደው ለጌጥ አይደለም፣ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ባና ከብዙ ጃኬት ይበልጣል። እኔ በሁለተኛው ጉዞዬ ጥሩ የምለውን ስሊፒንግ ባግ ይዤ እንኳ ሌሊት ላይ ባና ተውሼ ነው የተኛሁት። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ሌላ ዓይነት ነው። ንፋሱ ስለሚያቀዘቅዛችሁ ቃጠሎው አይሰማችሁም፣ ማታ ነው አፍንጫችሁ የሚላጠው። ባርኔጣና ሰንስክሪን ያዙ። እጅጌ ረጅም ልበሱ። ከንፈር የሚቀባ ነገር አትርሱ።

ጫማ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን። ይሄ ከመሬቱ የተነሳ ነው። ጓሳ የፍልፈልና የአይጥ አገር ነው። ከሣሩ ሥር መሬቱ ወንፊት ሆኗል። ለስላሳ የሚመስለውን ስትረግጡ እግራችሁ እስከ ባት ይገባል። ሁለተኛው ጉዞ ላይ አብራን የነበረች ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ በበቅሎ ነው የተመለሰችው። ጋሼ የነገሩኝ ዘዴ ቀላል ነው፦ በጉብታው ራስ ላይ አትርገጡ፣ በጉብታዎቹ መሃል በእግር የተደለደለውን ተከተሉ፤ ትኩስ አፈር የተቆለለበት ቦታ ካያችሁ ዙሩት፣ ሥሩ ባዶ ነው። ዱላ ይጠቅማል። የገዛችሁት የሚታጠፍ ዱላ ከሌላችሁ ስካውቱ የእንጨት ያበድሯችኋል። ከአስታው ቆርጣችሁ ዱላ አታብጁ።

እነዚያ አይጦች ናቸው ቀይ ቀበሮን እዚህ ያቆዩት። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አካባቢ ብቻ ናቸው፣ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ከእነሱ ጥቂት ደርዘን ያህሉ ጓሳ ላይ ይኖራሉ። ብዙ ሰው እነሱን ለማየት ሄዶ ሳያይ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ይሄዳል እንጂ አይቀመጥም። እኔም በመጀመሪያው ጉዞ አላየሁም። በሁለተኛው ላይ ጋሼ አንድ ነገር አሳዩኝ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ሲግጡ አጠገባቸው ቁጭ በሉ፣ ቀበሮው ራሱ ይመጣል አሉን።

ጭላዳዎቹ ሌሊቱን የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው። ፀሐይ ሲሞቅ አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ አፋፉ አጠገብ ከደረሳችሁ ሲወጡ ታገኟቸዋላችሁ። መጀመሪያ ድምፃቸው ይሰማል፣ እንደሚያወራ ሰው። ከዚያ ትልቁ ወንድ ይመጣል፣ ጎፈሩ በንፋስ እየተበተነ፣ ደረቱ ላይ ቀዩ ምልክት እየታየ። ቁጭ ብለው በጣታቸው ሣር እየለቀሙ፣ ሳይነሱ በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ። ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ ተመራማሪዎች ስለሚከታተሏቸው አንዳንዱ መንጋ ሰው ለምዷል። መልመዳቸው እንድትቀርቧቸው ፈቃድ አይደለም። ቁጭ በሉ፣ እነሱ በራሳቸው ይጠጓችኋል። ምግብ አትስጡ፣ ቆሎም ቢሆን። አንዴ ከሰው እጅ መብላት ከለመዱ ገበሬው ማሳ ላይ ይሄዳሉ፣ ጸቡም ከገበሬው ጋር ይሆናል።

ያን ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ቁጭ አልን። እግሬ ደንዝዞ ልነሳ ስል ጋሼ ጉልበቴን ያዙኝ። ከመንጋው መሃል፣ ከእናቶቹና ከግልገሎቹ አጠገብ፣ ቀይ ነገር ይንቀሳቀስ ነበር። ቀበሮው አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ግልገሎቹን ቀና ብሎም ሳያይ፣ በጭላዳዎቹ መሃል ቀስ እያለ ይሄዳል። ጭላዳዎቹም አልሸሹም። ጆሮው ወደ መሬት ዞረ፣ ቆመ፣ ዘለለ። አፉ ውስጥ አይጥ ነበረች። በኋላ ሳነብ ይሄ ጓሳ ላይ ተጠንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. እንደታተመ አወቅሁ። ቀበሮዎቹ በጭላዳ መሃል ሲያድኑ ከመቶ 67ቱ ሙከራቸው ይሳካል፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን 25ቱ ብቻ። ጋሼ ይሄን ጥናት አላነበቡትም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩት ነገር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ውሻ አጥብቄ ልናገር። በሁለተኛው ጉዞ አንድ ጓደኛችን ውሻውን በመኪና ይዞ መጣ። የተማረች፣ የተከተበች፣ የምትወደድ ውሻ ነበረች። ስካውቶቹ አይሆንም አሉ። ጓደኛችን ተናደደ፣ የክትባት ደብተሯን አወጣ፣ ሊከራከር ሞከረ። እኔም መጀመሪያ ከሱ ጎን ቆሜ ነበር። አሁን በዚያ አዝናለሁ። ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት ነገሮች ዋነኛው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ። ባሌ ተራራ ላይ በሽታው በገባባቸው ዓመታት ከአንድ አካባቢ ቀበሮዎች አብዛኞቹ አልቀዋል። ጓሳ ላይ ያሉት ደግሞ ጥቂቶች ስለሆኑ አንድ ወረርሽኝ ይበቃቸዋል። አንዷ ውሻ የተከተበች መሆኗን ስካውቱ በዓይኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም፣ ስለዚህ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው። ውሻችሁን ዘመድ ቤት ተዉት።

የትኛውን መንገድ ልያዝ ለምትሉ። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ከማረፊያው ተነስታችሁ እስከ ገደሉ አፋፍ ደርሳችሁ መመለስ ግማሽ ቀን ይበቃዋል፣ ጭላዳም ታያላችሁ። ሁለት ቀን ካላችሁ ሁለተኛውን ቀን ለረግረጉና ለጅብራው ስጡ። ጅብራ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንዴ ያብባል፣ ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል፣ ካበበ በኋላ ይሞታል። የደረቁት ግንዶች ቆመው ታገኟቸዋላችሁ፣ አትግፏቸው። ረግረጉ ዳር ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ አለ፣ እሱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይገኝም። ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ካላችሁ ዕቃችሁን በበቅሎ ጭናችሁ ድንኳን እየተከላችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ለእኔ ግን ሰፊ ቦታ ከማዳረስ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ መሄድ የበለጠ አስደስቶኛል። ጠዋት ያያችሁት ሸንተረር ማታ ሌላ ነው።

ርቀቱን በኪሎ ሜትር አትለኩ። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ሣር ውስጥ፣ ከተማ ውስጥ በአንድ ሰዓት የምትሄዱት መንገድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጋሼ «ቅርብ ነው» ካሉ ደግሞ በእሳቸው እግር ነው። ስንት ሰዓት ይፈጅብናል ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ግማሹን ጨምሩበት።

ክፍያውን በሚመለከት፣ የመግቢያ፣ የስካውት፣ የበቅሎና የማደሪያ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚከፈለው። ደረሰኝ ተቀበሉ። በጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ዝርዝር ይሁን። በቅሎና በቅሎ ነጂ በተራ ነው የሚደርሳቸው፣ ስለዚህ ያለፈው ጊዜ የወደዳችሁትን ሰው ብቻ እንፈልጋለን ብላችሁ አታስቸግሩ። ተራው የቆመው ገቢው ለሁሉም ቤት እንዲደርስ ነው። እኔ ሦስተኛው ጉዞ ላይ ጋሼን ፈልጌ ነበር። ተራቸው አልነበረም። ከሌላ ወጣት ጋር ሄድኩ፣ ጋሼን ማታ ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። ስለ ዋጋም አትከራከሩ። ዋጋው የወጣው በስብሰባ ነው፣ ስካውቱ ቢፈልግም ሊቀንስላችሁ አይችልም።

ማደሪያው የማህበረሰቡ ነው፣ ቀላልና ንጹሕ። የምግብ ሱቅ ግን አጠገቡ የለም። እኔ የምይዘው በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሽሮና ሻይ ነው። በሶ በቀዝቃዛ ውሃም ስለሚበጠበጥ ለመንገድ እሱን የሚያህል የለም። ፔርሙዝ ያዙ፣ ትኩስ ሻይ አፋፉ ላይ ሌላ ጣዕም አለው። ለስካውቱና ለበቅሎ ነጂው የሚሆንም ጨምሩ፣ አብራችሁ ውላችሁ ለየብቻ መብላት ደስ አይልም። የጾም ቀን ከሆነ አስቡበት፣ ረቡዕና ዓርብ እናንተ ባትጾሙም እነሱ ይጾማሉ። እሳት በፈለጋችሁት ቦታ አታንድዱ። በበጋ ሣሩ ደርቆ እንደ ክብሪት ነው። የማገዶ እንጨት ከቁጥቋጦው አትልቀሙ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዛችሁ ሂዱ። ቆሻሻችሁን፣ የሶፍት ወረቀቱንም ጭምር፣ ይዛችሁ ተመለሱ። ምንጭ አጠገብ በሳሙና አትታጠቡ። ያ ውሃ ከታች ያለው ሰው የሚጠጣው ነው።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል። መስከረም መጨረሻ ላይ አረንጓዴው ልዩ ነው፣ ግን መሬቱ ገና አልጠጠረም። ክረምት ላይ ዝናቡና ጉሙ ምንም አያሳይም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ከሁለት ሰው ጠይቁ፣ አንዱ እዚያው የሚኖር ይሁን። አይመችም ካሉ አትሂዱ። በሕዝብ ትራንስፖርት የምትሄዱ ወደ መሃል ሜዳ የሚሄድ መኪና ያዙና ጓሳ ማረፊያው ላይ አውርደኝ በሉ፣ መንገዱ ዳር ነው። የመመለሻውን ግን ከዋዜማው አስጠይቁ፣ ከመሃል ሜዳ የሚነሳው ጠዋት በጊዜ ያልፋል።

መንገድ ላይ እረኛ ልጆች ታገኛላችሁ። ብር ወይም ከረሜላ አትበትኑ። ሰላም በሏቸው፣ ስማቸውን ጠይቁ። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ፣ ትልልቆቹን በተለይ። ሽማግሌ ሲመጣ ቆማችሁ እጅ ንሱ። እነዚህ ነገሮች ለአገሬ ሰው ይነገራሉ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ካሜራ ስንይዝ ብዙዎቻችን እንረሳቸዋለን።

ሦስተኛው ጉዞዬ በየካቲት ነበር። ከአንዱ ክፍል ሣር ማጨድ የተፈቀደበት ጊዜ ላይ ገጠመኝ። ወጣቱ ስካውትና እኔ ከረግረጉ ስንመለስ ቀጭኗ መንገድ ላይ ሰልፍ መጣብን። አህዮች ናቸው፣ ግን አህያነታቸው አይታይም። የሚታየው የሚራመድ ሣር ነው። ከኋላቸው ሴቶች ነዶ በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ይመጣሉ። ወንዶቹ ማጭዳቸውን በትከሻ አድርገዋል። ስካውቱ ክንዴን ይዞ ከመንገዱ ወደ ዳር አወጣኝ። ቆምን። የሚያልፉት አንድ በአንድ «እንደምን ዋላችሁ» አሉን። የተቆረጠው ሣር ሽታ እንደ አዲስ ገለባ ነው፣ ትንሽ ጦስኝ የተቀላቀለበት።

ከመጨረሻዎቹ አንዷ ባልቴት አጠገባችን ሲደርሱ ነዶው ተንሸራተተባቸው። ስካውቱ ከኋላ ደግፎ ሲያነሳ እኔ ገመዱን ያዝኩ። ገመዱም ከጓሳ የተገመደ ነው። ወፍራም፣ ሻካራ፣ እጅ ውስጥ የማይንሸራተት። «ለቤት ክዳን ነው?» አልኳቸው። «ለልጄ ቤት» አሉኝ። «ዘንድሮ ሊያገባ ነው።» ገመዱን አጥብቀን አሰርንላቸው፣ መረቁን፣ እና ቁልቁል ወደ ቀበሌው የሚወስደውን መንገድ ይዘው ሄዱ። እኛ ሰልፉ እስኪያልቅ ጠብቀን ወደ መንገዱ ተመለስን።